አሮጌ ፒክአፕና የሞተር ኮምፒውተር ቱኒንግ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰው መኪናውን በቀላሉ አይለውጣትም። ሃያ ሠላሳ ዓመት ስትሠራ ኖራለች። በዚህ መሀል ጎማዋ በትልቅ ተተክቷል። ማርሚታዋ ተቀይሯል። ሞተሯም አንዴ ወርዶ ታድሶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ግን ከፋብሪካ የወጣች ቀን የተጻፈለትን ትእዛዝ ነው እስከ ዛሬ የሚያነበው። የድሮዋን መኪና እንጂ የዛሬዋን አያውቃትም።

ስለዚህ «ለእሷ ብቻ የሚሆን ፕሮግራም ላሠራላት» ብሎ ማሰብ ትክክል ነው። በደንብ የተሠራ ቱኒንግ አሮጌ መኪናን ያነቃል። የሚያናድደኝ በዙሪያው የሚወራው ነው። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አንዳንዴም ፒስተን አቅልጦ የሚመለሰው በዚያ ወሬ የተነሳ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እናጥራው። የሞተር ኮምፒውተር ውስጥ ያሉት ዋና ነገሮች የቁጥር ሰንጠረዦች ናቸው። ሞተሩ በደቂቃ ይህን ያህል ሲዞር፣ ይህን ያህል አየር ሲገባ፣ ይህን ያህል ነዳጅ ርጭ፣ ካንዴላውን በዚህች ቅጽበት ለኩስ ይላሉ። ቱኒንግ ማለት እነዚህን ቁጥሮች መቀየር ነው። ሌላ ምትሃት የለውም።

«ሞተሩ ደክሟል፣ ቱኒንግ ያስነሳዋል»

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቱኒንግ ጥገና አይደለም። ያረጀ የነዳጅ ፖምፓ በቁጥር አይጠነክርም። የወረደ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት አቅም) በሰንጠረዥ አይመለስም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የሚገባውን አየር በሴንሰር የምትለካ የቤንዚን መኪና አለች እንበል። ከሴንሰሩ ወዲያ ያለ አንድ የጎማ ቱቦ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ የሚገባውን አየር ሴንሰሩ አልቆጠረውም። ስለዚህ ለአየሩ የሚመጥን ነዳጅ አልተረጨም። የጭስ ማውጫው ላይ ያለው ኦክስጅን ሴንሰር ጉድለቱን ያይና ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ኮምፒውተሩም ነዳጅ ይጨምራል። ይህን ሁልጊዜ ሲያደርግ «እዚህች መኪና ላይ 15 በመቶ መጨመር አለብኝ» ብሎ ይለምደዋል።

አሁን ቸኩሎ የሚሠራ ሰው መጣ። ያንን 15 በመቶ ሰንጠረዡ ውስጥ ጻፈው። መኪናዋ ደህና ሆነች፤ ባለቤቷም ተደሰተ። ከሦስት ወር በኋላ አንድ መካኒክ የተሰነጠቀውን ቱቦ አይቶ ቀየረው። የሠራው ትክክለኛ ሥራ ነው። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ በተለይ ኮምፒውተሩ ኦክስጅን ሴንሰሩን በማይሰማበት ጊዜ፣ ማለትም ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለና ቤንዚን እስከ ታች ሲረገጥ፣ ሞተሩ ነዳጅ በዛበት። ካንዴላው ጠቆረ፣ ጭሱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ባለቤቱ መካኒኩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብልሽት ላይ የተሠራው ፕሮግራም ነው።

ስለዚህ ላፕቶፑ ከመከፈቱ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። ኮምፕሬሽን፣ የነዳጅ ግፊት፣ ካንዴላና ገመዶቹ፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር፣ የባትሪና የሻንሲ ኔጌቲቭ ገመዶች። ቴርሞስታቱን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ክፍት ሆኖ የቀረ ቴርሞስታት ሞተሩን አያሞቀውም። ኮምፒውተሩም «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ነዳጅ ማብዛቱን አይተውም። በርካታ «ነዳጅ ትበላለች» የተባሉ መኪናዎች ያለቱኒንግ በዚህ ብቻ ይስተካከላሉ።

መለኪያው ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ የለመደው የነዳጅ ማስተካከያ በመደመርም ሆነ በመቀነስ 5 በመቶ አካባቢ ከሆነ መኪናዋ ጤነኛ ናት። ከ10 ካለፈ መጀመሪያ ብልሽቱ ይፈለግ። ይህን ቁጥር ሳያይ ሥራ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

«ማንኛውም አሮጌ መኪና ፕሮግራም ይደረጋል»

አይደረግም። ካርቡራተር (ያለ ኮምፒውተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት መኪና የሚቀየር የነዳጅ ሰንጠረዥ የላትም። ሜካኒካል ፖምፓ ያለው ናፍጣ ሞተርም እንደዚያው። ዳጅ ፒክአፕ ላይ የሚገኘው ባለ 12 ቫልቭ 5.9 ሊትር ኩሚንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1998 ድረስ ሜካኒካል ፖምፓ ነበር የሚጠቀመው። የላንድ ክሩዘሩ 1ኤችዜድም ሜካኒካል ነው። እነዚህ ላይ ነዳጅ የሚስተካከለው በመፍቻና በካቻቢቴ ነው። «ኮምፒውተሩን ልሥራልህ» የሚል ሰው ካለ፣ የትኛውን ኮምፒውተር እንደሆነ ጠይቁት።

ኮምፒውተር ያላቸውም ቢሆኑ መንገዳቸው ይለያያል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት የጂኤም ፒክአፖች ፕሮግራማቸው ያለው ተነቃይ ቺፕ ላይ ነው። ቺፑ ይነቀላል፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል። የዚያ ዘመን ፎርድ ደግሞ ኮምፒውተሩ ጀርባ ላይ መሰኪያ አለው፤ የተሠራው ቺፕ እዚያ ይገባል። መሰኪያው በደንብ ካልጸዳ ሞተሩ በድንገት ይጠፋል። ጥፋቱ የቆሸሸው መሰኪያ ሆኖ ሳለ ሰው የሚረግመው ፕሮግራሙን ነው።

በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ባለ 16 ፒኑ የኦቢዲ 2 ሶኬት (የመካኒክ መመርመሪያ የሚሰካበት) ግዴታ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መኪናዎች በሶኬቱ በኩል ይጻፋሉ። ብዙ ማለት ግን ሁሉም ማለት አይደለም። ሶኬቱ መኖሩ ኮምፒውተሩን ለማንበብ ያስችላል። ለመጻፍ መቻሉ ለየብቻው መረጋገጥ አለበት።

«ይህችን ሶኬት ላይ ሰክተህ 30 ፈረስ ጉልበት ታገኛለህ»

በርካሽ የሚሸጡ «የኃይል ቺፖች» አሉ። አንዳንዶቹ ውስጣቸው አንድ ሬዚስተር ብቻ ነው። የሚገባውን አየር ሙቀት ከሚለካው ሴንሰር ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩ አየሩ በጣም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይመስለውና ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል። ኦክስጅን ሴንሰሩ ደግሞ «በዝቷል» ብሎ መልሶ ያስቀንሰዋል። አለቀ። ይህ ቱኒንግ አይደለም፤ ሴንሰርን መዋሸት ነው። ኦቢዲ ሶኬት ላይ ተሰክተው መብራት ብቻ የሚያብለጨልጩም አሉ። ገንዘባችሁን ለካንዴላ አውሉት።

«ኃይሏ በእጥፍ ይጨምራል»

ይህ የሚወሰነው ቱርቦ በመኖሩና ባለመኖሩ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ኃይሉን የሚገድበው አየር ነው። ፒስተኑ ከሚስበው አየር በላይ በሰንጠረዥ ማስገባት አይቻልም። ሌላ ነገር ያልተነካካ የቤንዚን ሞተር ከቱኒንግ ብቻ የሚያገኘው ጭማሪ መጠነኛ ነው። ከፍታም እንዲሁ። 2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የጎደለውን አየር ማንም ፕሮግራም አያመጣውም።

ቱርቦ ያለውና በኮምፒውተር የሚታዘዝ ናፍጣ ሞተር ግን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ነዳጁም የቱርቦው ግፊትም በቁጥር ይጨመራል፤ ልዩነቱ መሪ የያዘ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ይችሉታል ወይ የሚለው ይሆናል።

ለአሮጌ ቤንዚን ፒክአፕ እኔ ጥሩ ቱኒንግ የምለው ሌላ ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ መነሳት። ቤንዚን ሲረገጥ ያለማመንታት መሄድ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ማርሹን በትክክለኛው ሰዓት መቀየር። ጎማው ቁመቱ 10 በመቶ ከጨመረ ክሩስኮቱ 100 ሲል መኪናዋ 110 እየሄደች ነው። ኮምፒውተሩም የማርሽ መቀየሪያውን በተሳሳተ ፍጥነት ነው የሚወስነው። ይህን ማስተካከል ፈረስ ጉልበት አይጨምርም። መኪናዋን ግን ሌላ ያደርጋታል።

«ነዳጅ ከበዛ ኃይል ይበዛል»

ቤንዚን ላይ ይህ ሐሰት ነው። ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል ለ1 ኪሎ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በሙሉ ጭነት (ቤንዚን እስከ ታች ሲረገጥ)፣ ሞተሩን ለማቀዝቀዝና ኃይል ለማግኘት፣ ወደ 12.5 ወይም 13 ይወርዳል። ከዚያ በታች ኃይል ይቀንሳል። የተረፈው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ የጭስ ማጣሪያውን ካታሊስትም ያቃጥላል። በተረጋጋ ጉዞ ደግሞ ጤነኛ ኮምፒውተር ቀድሞውኑ 14.7 ላይ ነው የሚይዘው። ስለዚህ «በቱኒንግ ብቻ ፍጆታዋን በግማሽ እቀንሳለሁ» የሚላችሁን አትስሙ።

የካንዴላው ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ብልጭታውን ማስቀደም እስከ አንድ ነጥብ ኃይል ይሰጣል። ከዚያ ካለፈ ሞተሩ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደገባ ያንኳኳል፤ ፒስተኑም ይጎዳል። አሮጌ ሞተር ውስጡ ካርቦን ስለሚጋግር ቶሎ ነው የሚያንኳኳው። ብዙዎቹ ደግሞ ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር የላቸውም። በከፍተኛ ኦክቴን (ማንኳኳትን በሚቋቋም) ቤንዚን የተሠራ ፕሮግራም ይዛችሁ ዝቅተኛውን ብትሞሉ ማንም አያስጠነቅቃችሁም። የሚሠራላችሁ ሰው ሁልጊዜ የምትሞሉትን ቤንዚን ማወቅ አለበት። ጥሩ ቀን ያገኛችሁትን አትንገሩት።

ናፍጣ ላይ ነዳጅ ሲጨምር ኃይሉ በእርግጥ ይጨምራል፣ ሙቀቱም አብሮ። ጥቁር ጭስ የኃይል ምልክት አይደለም፤ በሙሉ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። የጭስ ማውጫው ሙቀት ወደ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እግር ማንሳት ያስፈልጋል። ንጹሕ አሉሚኒየም የሚቀልጠው 660 ላይ ነው፤ ፒስተኑን ያተረፈው ከሥር የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው። ጭነት ይዛችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነ ያለ ጭስ ሙቀት መለኪያ ናፍጣ ቱኒንግ አታሠሩ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው።

«የጓደኛዬ ፋይል እኔም ጋ ይሠራል፣ አንድ ሞዴል ናቸው»

ሞዴላቸው አንድ ነው፤ ዕድሜያቸው ግን የየራሱ ነው። የአንዷ ኢንጀክተር ታጥቧል፣ የሌላዋ አልታጠበም። አንዷ ማንዋል ናት፣ ሌላዋ አውቶማቲክ። የኮምፒውተሩ የፕሮግራም ቅጂ እንኳ ሊለያይ ይችላል። የማይስማማ ፋይል የተጫነበት ኮምፒውተር ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

በልክ የተሠራ ፕሮግራም መለካት ይጠይቃል። የፋብሪካው አሮጌ ኦክስጅን ሴንሰር የሚያውቀው ነዳጁ ከ14.7 መብዛቱን ወይም ማነሱን ብቻ ነው፤ በስንት እንደሆነ አይናገርም። ለዚህ ዋይድባንድ የሚባለው ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ይገጠማል። ከዚያ መኪናዋ ትነዳለች፤ በዝግታ፣ በዳገት፣ በሙሉ ጭነት። ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ሰንጠረዡ ይስተካከላል፣ እንደገና ትነዳለች። ሦስት አራት ዙር የተለመደ ነው። በአሥር ደቂቃ «አለቀልህ» ከተባላችሁ የተጫነላችሁ ተዘጋጅቶ የቆየ ፋይል ነው።

«ባትሪ ሲነቀል ፕሮግራሙ ይጠፋል»

አይጠፋም። የሚጠፋው ኮምፒውተሩ እየነዳ የለመደው ማስተካከያ ነው፤ እሱን በጥቂት ቀን መልሶ ይለምደዋል። ሰንጠረዡ ግን ያለ ኤሌክትሪክ ይቆያል።

«የቼክ ኢንጂን መብራቷንም አብሮ ያጠፋልኛል»

ማጥፋት ይቻላል። ብልሽቱ ግን እዚያው ነው፤ የጠፋው የሚነግራችሁ ብቻ ነው። ካታሊስት አውጥቶ መብራቱን በፕሮግራም መዝጋት ደግሞ አሜሪካን ጨምሮ በብዙ አገር በሕግ ያስቀጣል።

«መጫኑ የደቂቃ ሥራ ነው፣ ምንም አይሆንም»

በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይህን አትመኑ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከዕድሜ ብዛት ፈሳሻቸው ይወጣና ሰሌዳውን ይበላሉ። ስለዚህ ሳይነካ በፊት ተከፍቶ ቢታይ ጥሩ ነው። ሲጻፍበት ደግሞ ቮልቴጁ መውረድ የለበትም። በደከመ ባትሪ መሀል ላይ የተቋረጠ ጽሑፍ ኮምፒውተሩን ሊገድለው ይችላል፤ የአሮጌ መኪና ኮምፒውተር ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። ቻርጀር ወይም ቋሚ የኃይል ምንጭ ተሰክቶ ይሠራ።

ከሁሉ በፊት የፋብሪካው ፋይል ይነበብና ቅጂው ለእናንተ ይሰጥ። አዲሱም እንዲሁ። ምን ምን እንደተቀየረ በአንድ ወረቀት አጽፉት፤ የኢንጀክተሩ መጠን፣ የጎማው ቁመት፣ የተሠራበት የቤንዚን ዓይነት። ወረቀቷን ከመኪናዋ ሊብሬ ጋር አስቀምጧት። ነገ ሌላ መካኒክ ቦኔቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚፈልጋት እሷን ነው።