ለአዲስ አበባ ፍሬሽማን፦ ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት መታረም ያለባቸው ወሬዎች

የዩኒቨርሲቲ ጥሪ ወጣ ሲባል ቤት ውስጥ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። እናት በሶ ታስፈጫለች። አባት ብር ለማሟላት ይሯሯጣል። ጎረቤት ደግሞ ይመክራል። «የአክስቴ ልጅ እዚያ ተምሯል» የሚል ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ምክሩ ከፍቅር ነው፤ ግን ብዙው ጊዜው ያለፈበት ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ ነው። ጅማ ወይም ባሕር ዳር ግቢ መግባትና አዲስ አበባ ግቢ መግባት አንድ አይደለም።

እኔ የመጣሁት ከወልድያ ነው። ዛሬ ኑሮዬ አዲስ አበባ ነው፤ ጥሪ በወጣ ቁጥር ግን ስልኬ ይጮኻል። ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ የዘመድና የጎረቤት ልጆች እቀበላለሁ። በየዓመቱ የምሰማቸው የተሳሳቱ ወሬዎች ያው ናቸው። አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማለት ስድስት ኪሎ ነው»

ሰው ከምንም በላይ የሚንገላታው በዚህ ነው። ስድስት ኪሎ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለበት፣ ዋናው ግቢ ነው። ግን ብቻውን አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ አራት ኪሎ ነው። ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አጠገብ ነው። ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ ሕንፃ ኮሌጅ ልደታ፣ ኮሜርስ ሰንጋ ተራ አካባቢ ነው። የእንስሳት ሕክምና ደግሞ ጭራሽ ከከተማው ወጥቶ ቢሾፍቱ ነው።

ሌላም አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2004 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀመረ፤ ያለውም አቃቂ ቃሊቲ፣ ቂሊንጦ ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል እዚያ የተመደበ ልጅ ሻንጣውን ጭኖ ስድስት ኪሎ በር ላይ ሲቆም አይቻለሁ። ከዚያ ወደ ቂሊንጦ መሄድ ማለት ከተማዋን ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ማቋረጥ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት ከሆነማ ከሰዓት በኋላው በሙሉ መንገድ ላይ ያልቃል።

የምትማሩበትና የምታድሩበት ግቢም ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ የምትመዘገቡበት ግቢ፣ የምታድሩበት ግቢ፣ የታክሲው ተራ ስም። ስልክ ሊዘጋ ይችላል። ወረቀት አይዘጋም።

«ሁሉንም ነገር ከቤት ይዘሽ ነይ፣ አዲስ አበባ ሁሉም ውድ ነው»

ይህን ምክር ሰምቼ ፍራሽ ጠቅልዬ መጣሁ። ፍራሽ፣ ሁለት ማዳበሪያ፣ አንድ ሻንጣ። የጥሪ ማስታወቂያውን ደጋግሜ ባነበው ኖሮ መልሱ እዚያው ነበር። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዛችሁ ኑ ይላል። ፍራሽ አይልም፤ አልጋና ፍራሽ ግቢው ውስጥ አለና። አልጋው ተደራራቢ፣ የአንድ ሰው ነው። ቁም ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ አንዳንዴም ለሁለት ነው። ትርፍ ዕቃ የሚቀመጠው አልጋ ሥር ነው፤ አልጋ ሥር ደግሞ የሁሉም ሰው ዕቃ አለ።

መለኪያዬ አንድ ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ይሰናበታል፤ ዶርም ድረስ አይገባም። ከበሩ እስከ ብሎካችሁ፣ ከብሎኩ እስከ አራተኛ ፎቅ የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ሊፍት አትጠብቁ። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ዕቃችሁን ሁሉ አንሱና ለብቻችሁ እስከ አስፋልት ደርሳችሁ ተመለሱ። መንገድ ላይ ካሳረፋችሁት በዝቷል። እናትሽ ብትቆጣም ቀንሺ።

ባልዲ፣ ጄሪካን፣ መስታወት፣ ሳሙና እዚሁ ይገዛል። ጄሪካኗን መግዛት ግን እንዳትረሱ፤ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ብዙ ነው። ከቤት መምጣት ያለበት እዚህ እንደ ቤቱ የማይገኘው ነው። በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የእናት በርበሬ። እነዚህን ማንም «አትያዙ» እንዳይላችሁ። የካፌ ምግብ እስክትለምዱ ድረስ የመጀመሪያውን ወር የሚያሻግራችሁ በሶ ነው።

ግን አስተሻሸጉን እወቁበት። የእኔ በርበሬ በፌስታል ታስሮ ማዳበሪያው ውስጥ ነበር። ማዳበሪያው አውቶቡሱ ፖርቶመጋላ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ዋለ፤ ላዩ ላይም የሌላ ሰው ሻንጣ ተጭኖበት ነበር። ግቢ በር ላይ ፍተሻው ማዳበሪያውን ሲፈታው ፌስታሉ ተቀዶ፣ አዲሱ ነጭ አንሶላዬ መሐል ለመሐል ቀልቶ ወጣ። ሌሊቱን የተኛሁት በዚያው ላይ ነው። አንገቴ ሲያቃጥለኝ አደረ። ዱቄት የሆነ ነገር ሁሉ ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ በሁለት ፌስታል ይታሰር፣ ከጨርቅ ጋር አይነካካ።

ፍተሻ ካነሳሁ አይቀር፤ የኤሌክትሪክ ምድጃና የውሃ ማሞቂያ ዶርም ውስጥ ክልክል ነው። በር ላይ ይወሰድባችኋል።

«ቀድሞ የደረሰ ጥሩ አልጋ ይይዛል»

ግማሽ እውነት ነው። ክፍሉን የምትመርጡት እናንተ አይደላችሁም፤ ምደባው ተሠርቶ ይለጠፋል ወይም በዩኒቨርሲቲው ገጽ ይወጣል። የላይ ወይም የታች አልጋ መያዝ ላይ ቀድሞ የገባ ሊቀናው ይችላል፤ ያም የሰዓታት ጉዳይ እንጂ የቀናት አይደለም። ጥሪው ከሚለው ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ የመጣ ልጅ በሩ አይከፈትለትም። አልጋ ቤት ተከራይቶ የወር ኪሱን በሁለት ሌሊት ይጨርሳል።

ቁም ነገሩ የምትደርሱበት ሰዓት ነው። ከሩቅ የሚነሳ አውቶቡስ ማለዳ ይወጣና ማታ 1 ሰዓት ላይ ያወርዳችኋል። ሬጅስትራር (የምዝገባ ቢሮው) ተዘግቷል። ጨልሟል። መናኸሪያው ይተራመሳል። የወሎ መስመር ልጆችን ሁልጊዜ የምመክረው ይህን ነው፦ በዋዜማው ደብረ ብርሃን ዘመድ ካለ እዚያ እደሩ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጠዋት ተነስታችሁ ምሳ ሳይደርስ ግቢ ትገባላችሁ። በሌላ አቅጣጫ የምትመጡም እንደዚሁ አስቡት፤ አዳማም አምቦም ለማደር ይመቻሉ።

በአውሮፕላን የምትመጡ ደግሞ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አይታችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። ማዳበሪያ በሶ ከባድ ነው።

«መናኸሪያ ላይ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ይቀበሉኛል፣ አትጨነቂ»

ብዙ ጊዜ ይቀበላሉ፤ ይህ ደስ የሚል ባህል ነው። የተማሪዎች ኅብረት ልጆች ባነር ይዘው ይቆማሉ፤ ሰርቪስም ይመደባል። የሃይማኖት ጉባኤዎችም ይመጣሉ። ግን የሚመጡት በጥሪው ቀናት፣ በቀን ነው። ሌላ ቀን ወይም ማታ ከደረሳችሁ ማንም አይኖርም።

«እህቴ፣ ዩኒቨርሲቲ ነሽ? ነይ እኔም እዚያው ነኝ» የሚል ሁሉ ደግሞ ተማሪ አይደለም። መታወቂያ ጠይቁ። እውነተኛው ተማሪ አይቀየምም፤ እሱም ፍሬሽማን ነበር። ተሸካሚ ካስፈለገ ሻንጣው ከመሬት ሳይነሳ ዋጋ ተነጋገሩ። ከተነሳ በኋላ ክርክር የለም። ሰነድና ብር ያለበትን የትከሻ ቦርሳ ለማንም አትስጡ፤ ለማውረድ ብቻ እንኳን ቢሆን።

ከላምበረት ስድስት ኪሎ ለመሄድ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ ነው። ባዶ እጅ ሲሆን ቀላል ነው። ከሻንጣ ጋር ግን ሦስት ታክሲ መውጣትና መውረድ ነው፤ ለሻንጣውም የአንድ ሰው ሒሳብ ትጠየቃላችሁ። ባቡሩም ስድስት ኪሎ አይደርስም። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ጠርታችሁ ብትካፈሉ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ብቻዬን ገንዘብ ላተርፍ ብዬ ፍራሽ ተሸክሜ መገናኛ ላይ የቆምኩበትን ሰዓት መቼም አልረሳውም።

«ዋናውን ሰነድ ከያዝኩ ይበቃል»

አይበቃም። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፤ ዋናውም ኮፒውም ይጠየቃል። 3 በ4 ጉርድ ፎቶም አለ። ብዙ ጥሪ ላይ ፋይዳም ተጨምሯል። በምዝገባ ቀን ግቢ ዙሪያ ያሉ ኮፒ ቤቶች ሰልፋቸው መንገድ ይደርሳል፤ መብራት ከጠፋማ አለቀ። የእያንዳንዱን ሦስት ሦስት ኮፒ ከሀገራችሁ አሠርታችሁ ኑ። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱና ለቤተሰብ ላኩ። ዋናውን ደግሞ ማዳበሪያ ውስጥ እንዳትከቱ፣ አደራ። ፖርቶመጋላ ላይ ዝናብ አለ።

«የተመደበ ሁሉ ዶርም አለው»

ድሮም ቢሆን የአዲስ አበባ ልጆች በብዛት ከቤታቸው ነበር የሚመላለሱት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ራሳቸው ከፍለው የሚማሩም አሉ። ዶርምና ምግብ ለእናንተ የተካተተ መሆን አለመሆኑን ጎረቤት አያውቅም። የተቀበላችሁበትን ማስታወቂያ አንብቡ፤ ካልገባችሁ ሬጅስትራር ደውሉ።

በቴሌግራም «ዶርም እናስይዛለን» እያሉ ብር የሚጠይቁ አሉ። ዶርም የሚመድበው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ደላላ የለውም። አንድ ብር እንዳትልኩ።

«ዘመድ ቤት እያለልሽ ዶርም ምን ያደርግልሻል»

ይህን ሲሉ ፍቅራቸው ይገባኛል። ግን ዘመድ ያለው አያት ኮንዶሚኒየም ወይም ጀሞ ነው፤ ትምህርቱ አራት ኪሎ። ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ለመድረስ 12 ሰዓት ሳይሞላ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ነው። ማታ ቤተ መጻሕፍት ማምሸት አይቻልም፤ ታክሲ ይጠፋል። የታክሲው ብርም ወር ሲደመር ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ ፍሬሽማን የሚጠናው በቡድን ነው፤ ቡድኑ ደግሞ ማታ ዶርም ውስጥ ነው። ዘመድ ለቅዳሜና እሑድ ይሁን። ልብስ ይታጠባል፣ ትኩስ ወጥ ይበላል። አክስታችሁንም ከዚያ በላይ አታስቸግሯትም።

«ከሀገሬ ልጅ ጋር ነው የምመደበው»

ብዙ ጊዜ የሚመደበው በትምህርት ክፍልና በስም ቅደም ተከተል ነው። ከጓደኛ ጋር ለመኖር ብላችሁ ዕቃ ተካፍላችሁ እንዳትመጡ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን አንሶላ፣ የራሱን ጓጉንቸር ቁልፍ ይያዝ። ቁልፏ ትንሽ ናት፤ የመጀመሪያው ቀን ግን ከሁሉም ዕቃ በላይ ታስፈልጋለች። ቁም ሳጥናችሁን ሳትቆልፉ ምዝገባ ሰልፍ ላይ ልባችሁ አይረጋም።

«አዲስ አበባ ከተማ ነው፣ ብርድ የለም»

ከጋምቤላ፣ ከአፋር፣ ከድሬዳዋ የሚመጡ ልጆች ይህን የሚያውቁት በመጀመሪያው ሌሊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ ስድስት ኪሎ ደግሞ እንጦጦ ሥር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን ፀሐዩ ያታልላል፤ ሌሊቱ ግን አጥንት ድረስ ይገባል። አንድ ስስ ብርድ ልብስ አይበቃም። ጋቢ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። የሌላችሁ ከስድስት ኪሎ ወደ ላይ ሽሮ ሜዳ ውጡ፤ ጋቢ በየሱቁ ተሰቅሏል፣ ዋጋ መከራከር ነው። ካልሲና ሹራብም ጨምሩ።

ጋቢዋን ከማዳበሪያው ሥር አትቅበሯት። ከላይ ትሁን። የመጀመሪያው ማታ ሻንጣ የምትፈቱበት ጉልበት አይኖራችሁም።