«ዳታፍሎው» ምንድን ነው? ማኅተም ያለበት ዲግሪስ ለምን አይበቃም?

በሳዑዲ፣ በዱባይ ወይም በኳታር ለመሥራት የሚያመለክት ሐኪም ወይም ነርስ ይህን ቃል መስማቱ አይቀርም፤ ዳታፍሎው የባለሙያዎችን የትምህርትና የሥራ ሰነድ የሚያጣራ ድርጅት ነው። ብዙዎች ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ጋር ያምታቱታል። ያ ማኅተም የሚመሰክረው ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማና ማኅተም እውነተኛ መሆኑን ነው። ዳታፍሎው ግን ዲግሪውን የሰጠውን ዩኒቨርሲቲ፣ የሙያ ፈቃዱን የሰጠውን መሥሪያ ቤትና ያሠራውን ሆስፒታል «ይህን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ ወይ?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል። መልሱም የሚሄደው ለአመልካቹ ሳይሆን ለጠያቂው ነው።

ጉዳዩ የሚጓተተውም እዚህ ላይ ነው፤ ጥያቄው ሬጅስትራር ዘንድ ሳይከፈት ሊከርም ይችላል። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ሬጅስትራሩንና የሆስፒታሉን የሰው ሀብት ክፍል አነጋግሩ፤ በትክክል የሚሠራ ኢሜይልና ስልክ ተቀበሉ።

ስምም ያስቸግራል። «ዮሐንስ» ፓስፖርት ላይ በሁለት «ኤን»፣ ዲግሪ ላይ በአንድ «ኤን» ከተጻፈ ማብራሪያ ሊጠየቅበት ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ግን የዘመን አቆጣጠር ነው። በፈረንጆች 2017 የተመረቀች ነርስ የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ላይ «ከጥቅምት 2010 ጀምሮ» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ፣ ለአንባቢው ከመመረቋ 7 ዓመት በፊት የሠራች ትመስላለች። ደብዳቤው በፈረንጆች ቀን እንዲጻፍ፣ አቆጣጠሩም በግልጽ እንዲጠቀስ አድርጉ።