ብሬቬት ማዕረግ ምንድን ነው?

የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ማሪን (የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር) መኮንኖችን ታሪክ ስታነቡ ግር የሚል ነገር ይገጥማችኋል። አንዱ ሰውዬ እዚህ ጋ ኮሎኔል ነው፣ እዚያ ጋ ደግሞ ጄኔራል፤ ያውም በአንድ ዓመት ውስጥ። ሁለተኛው ማዕረግ ብሬቬት ይባላል። በጦር ሜዳ ጀግንነት ወይም በረጅም አገልግሎት የሚሰጥ የክብር ማዕረግ ነው። ሰውየው በማዕረጉ ይጠራል እንጂ መደበኛ ቦታው ፈቀቅ አይልም። ደመወዙም ባብዛኛው ያው የድሮው ነው።

ለምን አስፈለገ? ማሪን ያኔ ትንሽ ጦር ነበር፤ የመኮንኖቹም ቁጥር በሕግ የተገደበ። እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ የጡረታ ሕግ አልነበረም። የበላዩ ካልሞተ፣ ካልለቀቀ ወይም ካልተባረረ የበታቹ አያድግም። ለማሪን መኮንኖች የጀግና ሜዳሊያም አልነበረም፤ ከፍተኛው የአሜሪካ የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ሜዳል ኦፍ ኦነር፣ የተፈቀደላቸው በ1915 ነው።

አርቺባልድ ሄንደርሰንን እንይ። በ1806 በምክትል መቶ አለቃነት ጀመረ። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጦርነት ኮንስቲትዩሽን በተባለችው መርከብ ላይ ሻምበል ሆኖ ተዋጋና የሻለቃነት ብሬቬት አገኘ። በ1820 የማሪን ዋና አዛዥ አንቶኒ ጌል በጦር ፍርድ ቤት ሲባረር ቦታው ለሄንደርሰን ደረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያስነሳው! 38 ዓመት ተቀመጠበት። በ1836 የአሜሪካ ነባር ተወላጆች የሆኑትን የክሪክና የሴሚኖል ሕዝቦች ለመውጋት ራሱ ዘመተ፤ በዚያ ዘመቻ ብሬቬት ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ። በመደበኛው ማዕረጉ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ኮሎኔል ነበር።

ሰውየው ደፋር ነው፣ ይህን መካድ አይቻልም። ሰኔ 1857 ዋሽንግተን ውስጥ ምርጫ ሊያውኩ የመጡ ሁከተኞች መድፍ ጎትተው ማሪኖቹ ፊት ደቀኑ። የ74 ዓመቱ ሄንደርሰን የሲቪል ልብሱን እንደለበሰ ሄዶ የመድፉን አፍ በሰውነቱ ከልሎ ቆመ፤ እንዳትተኩሱ ብሎ አስጠነቀቃቸው። ለበታቾቹ ግን ከቦታው አለመነሳቱ ራሱ ፈተና ነበር። በ1859 ሲሞት የተካው ጆን ሃሪስ ከ1814 ጀምሮ ያገለገለ ሽማግሌ ነው።

ብሬቬት የኋላ ኋላ ቀረ። በ1921 ማሪን ይህን ማዕረግ ላገኙ መኮንኖች ልዩ ሜዳሊያ አዘጋጀ፤ የተሸለሙት 23 ብቻ ናቸው። አንዱ ስመድሊ በትለር ነው። በ1900 ቻይና፣ ቲየንትሲን ላይ ሲቆስል ገና 19 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የሻምበልነት ብሬቬቱን ያገኘው በዚያ ውጊያ ነው።