"ካርቡራተሩ ነው" ከማለታችሁ በፊት

ጎንደር ውስጥ ሞተር ሳይክል ስታስል ፍርዱ አንድ ነው፦ "ካርቡራተሩ ነው።" ባለቤቱ ይላል፣ ጓደኛው ይላል፣ በመንገድ የሚያልፈውም ቆም ብሎ ይላል። ጋራዥ የሚመጣው ሰው አዲስ ካርቡራተር በፌስታል ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ እንድፈታና እንዳስር ብቻ ነው የሚፈልገው። ይህ ነገር በእውነት ሰልችቶኛል። ሰው ስላላወቀ አይደለም የምናደደው፤ ገንዘቡን በከንቱ ስለሚያወጣ ነው። ያገለገለች ሞተር የሚገዛ ሰው የሚበተን ብር የለውም። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ ዘወትር የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያቸው።

"ካሳለች ካርቡራተሩ ተበላሽቷል"

ካርቡራተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለኢንጂኑ ይሰጣል። ያልደረሰውን ቤንዚን ግን ከየት ያመጣል? እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት የታንኩ ክዳን አለ፣ ታንኩ ራሱ አለ፣ የቤንዚን መክፈቻው፣ ወንፊቱ፣ ቱቦው አለ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የሚገኘው እዚያ ነው። ማየቱ ደግሞ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

ከክዳኑ ጀምሩ። ክዳኑ ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ቤንዚን ወደታች ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ታንኩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንስና ቤንዚኑ መውረዱን ያቆማል። ምልክቱ ግልጽ ነው። ሞተሯ ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሣለች። ጥቂት መንገድ በደንብ ትሄዳለች። ከዚያ ማሳል ትጀምራለች፣ ትጠፋለች። ቆማችሁ ስትጠብቁ መልሳ ትነሣለች፤ እስከዚያ አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ገብቷላ!

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከአዘዞ መጣ። የሚነዳው ቦክሰር የሚሏትን ሞተር ነው። ወደ ፒያሳ ሲመጣ ዳገቱ ላይ ትጠፋበታለች። ካርቡራተር ሁለት ጊዜ ቀይሯል። "ሦስተኛውንም ልግዛና ልገላገል፣ የትኛው ይሻላል?" ነው ጥያቄው። ክዳኑን ከፈትኩት። ዝናብ እንዳይገባ ብሎ ከሥሩ ፌስታል አድርጎበታል። ፌስታሉን አነሣሁት፣ ቀዳዳዋን በአየር ነፋኋት፣ ሂድ አልኩት። ያንኑ ዳገት ሳትጠፋ ወጣች። የሁለቱ ካርቡራተር ብር እኔን ራሴን እስካሁን ያንገበግበኛል።

በክረምት ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ተዉት። ክዳኑ ውኃ የሚያስገባው ጎሚኒው (ማሸጊያ ጎማው) ሲያልቅ ነው። ጎሚኒውን ቀይሩ። ስታቆሙ ከላይ ሸፍኑ፣ ስትነዱ አንሡ።

ፈተናውን በቅደም ተከተል አድርጉት። ሞተሯ እንደጠፋች ወዲያው ክዳኑን ክፈቱ። "ሽሽ" የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ከተነሣች በሽታው ተገኘ። ካልሆነ የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ንቀሉና ጠርሙስ ውስጥ አድርጉት፤ መክፈቻውን ክፈቱ። ሳይቆራረጥ ከወረደ እስከዚያ ድረስ ሰላም ነው። ከተንጠባጠበ ግን ወይ ወንፊቱ በዝገት ተደፍኗል፣ ወይ ቱቦው ታጥፏል። ቱቦውን መልሱና የካርቡራተሩ ሆድ (ቤንዚን የሚጠራቀምበት ታችኛው ክፍል) ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን ላላ አድርጉ። ቤንዚን ከመጣ ሆዱ ሞልቷል። ብሎኗን አጥብቁ፣ ጥቂት ርገጡና ካንዴላውን (ኢንጂኑ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን) ፍቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚን ኢንጂኑ ውስጥ አልገባም። እርጥብ ከሆነ ወይ እሳት የለም፣ ወይ ቤንዚን በዝቷል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ሲሞቅ የሚደክም ቦቢናም (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) አለ። እሱም ልክ እንደ ተደፈነ ክዳን ጥቂት ከሄደች በኋላ ያጠፋታል፣ ቆማ ስትቀዘቅዝ ትነሣለች። የምትለዩት እሳቱን በጠፋችበት ሰዓት ስታዩ ነው። ካንዴላውን ከኮፍያው ጋር የኢንጂኑ ብረት ላይ አስደግፉና ርገጡ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ መታየት አለበት። የፈሰሰውን ቤንዚን መጀመሪያ ጥረጉ፣ ጠርሙሱንም አርቁ። ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገባችሁ አይቁም።

ይህ ሁሉ አልፎ ነው ካርቡራተር የሚፈታው። ሲፈታም ሽቦ እንዳታስገቡ። ቤንዚን የሚያልፍባቸው ትንንሾቹ ክፍሎች ከነሐስ የተሠሩ ናቸው፤ ነሐስ ደግሞ ለስላሳ ነው። ነዳጅ ሳትሰጧት ቆማ ስትሠራ የሚያገለግለው ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊሜትር ይጠባል። በሽቦ ከወጋችሁት ይሰፋል፣ ከሰፋ ደግሞ አይመለስም። በንጹሕ ቤንዚን አጥባችሁ ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር አስነፉት፤ ይበቃል። የአየርና የቤንዚን ቅልቅሉን የሚያስተካክለውን ብሎን በካቻቢቴ ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ እስኪዘጋ ድረስ በቀስታ እያዞራችሁ ስንት ዙር እንደነበረ ቁጠሩ። ጻፉት። የተነካካ ካርቡራተር ሲመጣልኝ መነሻው የት እንደነበር የሚነግረኝ ሰው አላገኝም።

"ካንዴላው ጠቁሯል፣ ኢንጂኑ አልቋል"

አላለቀም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ የሚለቀው ቤንዚን ከአየሩ አንጻር ይበዛል። ስለዚህ ካንዴላው ደረቅ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዳገት ላይም ይደክማል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው መቆሸሹን፣ ቾኩም (ሞተሯ ስትቀዘቅዝ ለማስነሣት ቤንዚን የሚያበዛው መሳቢያ) ሙሉ በሙሉ መመለሱን እዩ። በአራት ምት (ፎር ስትሮክ) ኢንጂን የሚያሰጋው እርጥብና በዘይት የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ያ ሲሆን ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ወይም የቫልቩን ጎሚኒ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚብሰው ግን የተገላቢጦሹ ነው። አንዱ ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ ካርቡራተሩ የሚለቀውን ቤንዚን ያስቀንሳል። ሞተሯ ቀለል ትላለች፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ በሊማሊሞ ወርዶ ወይም በመተማ መንገድ ቆላ ይገባል። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው። ቤንዚኑ ደግሞ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ኢንጂን ከመጠን በላይ ይሞቃል። ከመተማ በመኪና ተጭና የመጣች ሞተር ፈትቻለሁ። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ፍቆታል። ባለቤቱ ከመውረዱ በፊት የተቀነሰውን አስመልሶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ አይመጣበትም ነበር። ቆላ የምትመላለሱ ሰዎች ለጎንደር ብላችሁ አታስቀንሱ። ትንሽ ጥቀርሻ ካንዴላ ማጽዳት ነው የሚጠይቃችሁ።

"አየሩ ስስ ስለሆነ ፊልትሮውን አውጥተህ ንዳት"

በፍጹም። አቧራው ፋሻና ሲሊንደር ይበላል። የደምቢያን የበጋ አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህን መምከር የለበትም።

"ቾክ ሳብ አድርጌ ስነዳት ጥሩ ትሄዳለች"

ይህ ጤና አይደለም፣ ምልክት ነው። ሞቃ እያለ ቾክ የምትፈልግ ሞተር ቤንዚን አንሷታል ወይም ካርቡራተሩና ኢንጂኑ መካከል ባለው ጎማ በኩል ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው። ጎማው በፀሐይ ይሰነጠቃል። ቆማ እየሠራች እያለ ትንሽ የሳሙና ውኃ አካባቢው ላይ ርጩ። ድምፅዋ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው።

"ቤንዚኑ ነው"

አንዳንዴ እውነት ነው። ነዳጅ ሲጠፋ ሰው በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን ይገዛል። ግን በግምት አትፍረዱ። ከታንኩ ጥቂት በጠራ ጠርሙስ ቅዱና አስቀምጡት። ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያችኋል፤ ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከመሰላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉና ይድረቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል። ቅባት የመሰለ እድፍ ከቀረ ሌላ ነገር አለበት።

"ቱ ስትሮክ ሲሆን ዘይት ሲበዛ ይጠነክራል"

አይጠነክርም። ቱ ስትሮክ (ሁለት ምት) ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ኢንጂን ነው፤ ዘይት ሲበዛበት ካንዴላና ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ይደፈናል። መጠኑ በአምራቹ መጽሐፍ ላይ አለ። አንዳንድ ቱ ስትሮክ ያማሃዎች ለብቻው የዘይት ማጠራቀሚያ አላቸው፤ እነሱ ላይ ታንኩ ውስጥ እንደገና ዘይት አትጨምሩ።

"ቫልቩ ድምፅ የለውም፣ ደህና ናት"

ያገለገለች ሞተር ሲሸጥላችሁ ይህን ነው የሚሏችሁ። ቫልቩ ትንሽ ቲክ ቲክ ማለቱ ብዙ ጊዜ ጤና ነው። ጭራሽ ዝም ያለው ነው የሚያሳስበኝ፤ ቫልቩና የሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ጠቦ ሊሆን ይችላል። ክፍተት ያጣ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም፣ ጉልበት ያፈሳል፣ ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ሞተሯ ለመነሣት ስታስቸግር ባለቤቱ አሁንም ካርቡራተሩን ይፈታል! ክፍተቱ የሚለካው ኢንጂኑ ሲቀዘቅዝ ነው፤ መለኪያው ቀጭን ብረት ነው፣ ሥራውም ብዙ ሰዓት አይፈጅም። ከመግዛታችሁ በፊት አስለኩት።

"ታንኩን ባዶ አድርጎ ማቆም ይሻላል"

ያገለገሉ ሞተሮች ላይ የማየው ዝገት አብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጣው። ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ብረቱ ላይ ይቀመጣል። ለጥቂት ሳምንት የምትቆም ከሆነ ታንኩን ሞልታችሁ የቤንዚን መክፈቻውን ዝጉ፤ የካርቡራተሩን ሆድ ግን አፍስሱት፣ እዚያ የቀረው ተንኖ ሙጫ ይሆናል። በጨረታ የምትሸጥ ሞተር ግቢ ውስጥ ብዙ ከርማ ሊሆን ስለሚችል ከመጫረታችሁ በፊት ክዳኑን አስከፍቱና በባትሪ ብርሃን ውስጡን እዩ። የስልክ መብራት ይበቃል። ቀላል ዝገት ከሆነ አትፍሩ። ታንኩን ፈትታችሁ ቤንዚኑን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ መክፈቻውን ንቀሉና ቀዳዳውን ድፈኑ። አቼቶ ሙሉበትና አሳድሩት። ጥቂት ዳዶ ጨምራችሁ አንቀጥቅጡ፣ ዳዶውን ቆጥራችሁ አውጡ። በውኃ አጥባችሁ ወዲያው በፀሐይ አድርቁ፣ ካልሆነ በዚያው ቀን ይዝጋል። እንደደረቀ ቤንዚን ሙሉበት። ብረቱ በጣት ሲጫን የሚሰጥ ወይም ከሥር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ለታንኩ ዋጋ አስቀንሱ፣ ወይም ሌላ ሞተር ፈልጉ።