ርካሽ ክሊክ ገዢ አይደለም፦ ስለ ጎግል ዲስፕሌይ ማስታወቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ፒያሳ የቤት ዕቃ የሚሸጥም ሆነ ላሊበላ የእንግዳ ማረፊያ ያለው፣ የጎግል ማስታወቂያው እንዴት እንደሄደ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «ክሊኩ ጎርፍ ነው፣ ዋጋውም ሳንቲም ነው።» ስልክ ስንት ጊዜ ተደወለ? ስንት አልጋ ተያዘ? ሲባል ግን መልስ የለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ከዚሁ እንጀምር።

«ክሊክ ከበዛና ከረከሰ ማስታወቂያው እየሠራ ነው»

አይደለም። ሰርች ላይ፣ ማለትም በጎግል ፍለጋ ውጤት ገጽ ላይ የወጣ ማስታወቂያን የሚያየው ሰው የሚፈልገውን በራሱ እጅ ጽፎ የመጣ ነው፤ ሱቅ ገብቶ «ቁም ሳጥን አለ?» እንደሚል ገዢ ማለት ነው። ዲስፕሌይ፣ ማለትም በሌሎች ድረ ገጾችና አፖች ላይ የሚታየው የምስል ማስታወቂያ (ባነር)፣ ግን ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰሌዳ ነው። አላፊው ፍየሉን ሊሸጥ እየነዳ ነው፤ ቁም ሳጥን በሐሳቡም የለ። ዜና የሚያነብ ወይም ጌም የሚጫወት ሰው ላይ ነው ባነራችሁ ድንገት የሚመጣበት። ስለዚህ ካዩት መቶ ሰዎች አንዱም ሳይነካው ቢያልፍ ያለ ነው። ቁጥሩ ከዚህ በጣም ከፍ ካለ፣ ከመደሰት በፊት ማን ነካው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የስልክ አፕ ነው። 320 በ50 ፒክሰል የሆነችው ቀጭን ባነር ከጌሙ ግርጌ፣ የተጫዋቹ አውራ ጣት በሚመላለስበት ቦታ ትቀመጣለች። ልጅ የእናቱን ስልክ ይዞ ፊኛ ሲያፈነዳ ጣቱ ወረድ ይላል፤ ገጻችሁ ይከፈታል፤ ልጁ ወዲያው ወደ ጌሙ ይመለሳል። ሁለት ሴኮንድ አልሞላም፣ ሂሳቡ ግን ተቆርጧል። ጎግል የስህተት ክሊኮችን እየለየ ከሂሳብ ያወጣል፤ ሁሉንም ግን አይዝም።

ይህን ማጣራት ከባድ አይደለም። ጎግል አድስ ውስጥ ማስታወቂያው የት የት እንደታየ የሚዘረዝረውን ሪፖርት ክፈቱና በወጪ ደርድሩት፤ የላይኞቹን ሃያ መስመሮች አንብቡ። የባትሪ መብራት አፕ፣ የልጆች ጌም፣ የኪቦርድ ማስዋቢያ ከሞላበት ገንዘቡ የሄደው ወደዚያ ነው። አፖችን አንድ በአንድ ማገድ ድካም ብቻ ነው፤ ዛሬ አሥር ብታግዱ ነገ ሌላ አሥር ይተካል። በማግለያው ክፍል የአፕ ምድቦችን ዝርዝር አውጡና ከመቶ የሚበልጡትን ምድቦች በሙሉ አግልሉ። ይህን ማስታወቂያው ከመጀመሩ በፊት አድርጉት፤ ከዚያ በኋላ ሪፖርቱን በየሳምንቱ እዩት። ክሊኩ ያሽቆለቁላል፣ የአንዱ ክሊክ ዋጋም ይወደዳል። በዚህ ደንግጣችሁ አፖቹን መልሳችሁ አትክፈቱ።

መለኪያው ሌላ ነው። የገጻችሁን ጎብኚዎች የሚቆጥረው መሣሪያ ጎግል አናሊቲክስ 4፣ ቁም ነገር ያለው ብሎ የሚቆጥረው ጉብኝት ከ10 ሴኮንድ በላይ የቆየ፣ ወይም ሁለት ገጽ ያየ፣ ወይም እናንተ ቁልፍ ብላችሁ የመዘገባችሁትን ተግባር የፈጸመ ነው። ስለዚህ የስልክ ቁልፉ ሲነካ፣ የቴሌግራም ሊንኩ ሲከፈት፣ የአልጋ መያዣ ፎርሙ ሲላክ እንዲቆጠር አድርጉ። ይህ ሳይመዘገብ ዲስፕሌይ መጀመር ያለ ሚዛን እህል መግዛት ነው።

«ደሴን መርጫለሁ፣ የሚያየው የደሴ ሰው ነው»

ቅንብሩን ካልነካችሁት ጎግል ደሴ ያለውን ብቻ ሳይሆን ስለ ደሴ ፍላጎት ያሳየውንም ይጨምራል። አልጋና ሶፋ የሚሠራ ሰው ቨርጂኒያ ተቀምጦ ስለ አገሩ ለሚያነብ ወገን ክሊክ ይከፍላል ማለት ነው። የቦታ አማራጮችን ከፍታችሁ «በቦታው ያሉ» ወደሚለው ቀይሩት። የሞባይል ኢንተርኔት ሁልጊዜ ሰውየው ያለበትን ከተማ በትክክል ስለማያሳይ ክልሉን አታጥብቡት፤ ከደሴ ዙሪያ 40 ኪሎ ሜትር ብትሉ ኮምቦልቻም ሐይቅም ይገባሉ።

ላሊበላ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። እንግዳው ያለው ውጭ አገር ነው፤ ስለዚህ እንግዶቻችሁ የሚመጡባቸውን አገሮች በስም ምረጡ። ታኅሣሥ 29 ለገና የሚመጣ ሰው የአውሮፕላን ትኬቱን ከወራት በፊት ነው የሚያስበው፤ ማስታወቂያው ታኅሣሥ ላይ ቢወጣ ዘገየ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ይጀመር።

«የከፈትኩት ሰርች ነው፣ ዲስፕሌይ አይመለከተኝም»

ሰርች ካምፔይን (የማስታወቂያ ዘመቻ) ስትከፍቱ ዲስፕሌይን የሚጨምረው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ሊመጣ ይችላል። አንሱት።

«በቀን 5 ዶላር ካልኩ ከ5 አያልፍም»

አንዳንድ ቀን እስከ 10 ዶላር ሊደርስ ይችላል። የማይታለፈው የወሩ ጣሪያ ነው፤ 5 በ30.4 (የወር አማካይ ቀናት) ሲባዛ 152 ዶላር።

«ፌስቡክ ላይ ቡስት ያደረግሁት ፖስተር ይበቃል»

ሦስት ስልክ ቁጥር፣ አድራሻና የዋጋ ዝርዝር የታጨቀበት ፖስተር 300 በ250 ሲሆን የፊደሎቹ እግር ይጣበቃል፤ «ለ» ከ«ሉ» አይለይም። ምስሉ ላይ ያለ ስልክ ቁጥር ደግሞ ተነክቶ አይደወልም። ጎግል እስከ 15 ምስል፣ 5 ሎጎ፣ 30 ፊደል የሚይዙ 5 አጫጭር ርዕሶች፣ አንድ የ90 ፊደል ረጅም ርዕስና 5 መግለጫዎች ይቀበላል፤ እነሱን ራሱ እያዋሐደ ያሳያል። ጽሑፍ የሌለበት ንጹሕ ፎቶ በ1200 በ628 እና በ1200 በ1200 ስጡት፤ ቃሉን በርዕሱ ቦታ ጻፉ።

«እንግዲያው ዲስፕሌይ ከንቱ ነው»

ይህም ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው በጌም አፕ ከተቃጠሉ ነጋዴዎች ነው። ዲስፕሌይ ለትንሽ ነጋዴ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በሪማርኬቲንግ ነው፤ ገጻችሁን ከፍቶ የክፍል ዋጋ አይቶ ለወጣ ሰው እንደገና መታየት። ለዚህ ገጻችሁን የጎበኙ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ባለፉት 30 ቀናት ቢያንስ 100 ሰው መኖር አለበት፤ ስለዚህ የጎግልን መከታተያ ኮድ ዛሬውኑ ገጻችሁ ላይ አስገቡት። አልጋ የያዘውን ከዝርዝሩ አውጡ፤ አንድ ሰው በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ እንዳያየው ገደብ አድርጉ፤ የሰለቸ ሰው አይመለስም። ባነሩን ሳይነካ አይቶ በኋላ የገዛ ሰው ለብቻው በሌላ ዓምድ ይቆጠራል፤ በሌላ ምክንያት መጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከሽያጭ ጋር አትደምሩት። በመጨረሻም ጎግል ከዝርዝራችሁ ውጭ ሌሎች ሰዎችንም እንዲፈልግ የሚፈቅደው ቅንብር ከመጀመሪያው በርቶ ይመጣል፤ አድ ግሩፑ (በካምፔይኑ ሥር ያለው የማስታወቂያዎች ምድብ) ውስጥ ገብታችሁ ካላጠፋችሁት ባጀቱ ተመልሶ ወደማያውቋችሁ ሰዎች ይሄዳል።