የወላጅና የመምህር ምስክርነት በተማሪዎች የትኩረት መታወክ ምዘና

በተለምዶ ኤዲኤችዲ እየተባለ የሚጠራው የትኩረት ጉድለትና የቅብጥብጥነት መታወክ በደም ምርመራም ሆነ በአንጎል ምስል አይለይም። የባለሙያው ውሳኔ በአብዛኛው የሚያርፈው ልጁን በየዕለቱ የሚያዩት ሰዎች፣ በተለይም ወላጆችና መምህራን፣ በሚሰጡት ምስክርነት ላይ ነው። ልጁ በምርመራ ክፍል ውስጥ፣ ቦታው አዲስ ሆኖበት፣ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን ሲቀመጥ ጨዋና ረጋ ያለ ሊመስል ስለሚችል፣ ሐኪሙ በዓይኑ የሚያየው ብቻውን አይበቃም።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ዲኤስኤም-5 የተባለው መመሪያ 18 ምልክቶችን የሚዘረዝር ሲሆን፣ ዘጠኙ ቀልብን መሰብሰብ ካለመቻል፣ የቀሩት ዘጠኙ ደግሞ ከመቅበጥበጥና ከችኩልነት ጋር የተያያዙ ናቸው። ዕድሜው ከ17 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከሁለቱ ምድቦች ቢያንስ በአንዱ 6 ምልክቶችን ለ6 ወራት ማሳየት ይኖርበታል፤ የተወሰኑት ምልክቶችም 12 ዓመት ሳይሞላው የታዩ መሆን አለባቸው። ከሁሉም በላይ ግን ችግሩ በአንድ ቦታ ብቻ ሳይወሰን፣ ለምሳሌ በቤትም በትምህርት ቤትም፣ መታየት አለበት። የመምህሩን ቃል ከወላጅ ቃል እኩል አስፈላጊ ያደረገው ይኸው መስፈርት ነው።

ምስክርነቱ የሚሰበሰበው በቃለ መጠይቅና በመጠይቅ ቅጾች ነው። ኮነርስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1969 ለመምህራን ያሳተመው መለኪያ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው መካከል የቫንደርቢልት ቅጽ ለወላጆች 55፣ ለመምህራን 43 ጥያቄዎች አሉት። መላሹ ለእያንዳንዱ ባሕርይ «በጭራሽ»፣ «አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ» ወይም «በጣም ብዙ ጊዜ» ከሚሉት አንዱን ይመርጣል፤ እንደ ምልክት የሚቆጠሩትም የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ የጀመሩትን ስላለመጨረስ የሚጠይቀውን ዓረፍተ ነገር እናት ስታነብ የሚታወሳት ጠዋት አንድ እግሩን ብቻ ጫማ አጥልቆ መጫወቻ ይዞ የተቀመጠው ልጇ ሲሆን፣ መምህሩ ግን የሚያስበው ከአሥር ጥያቄ አራቱን ብቻ ሠርቶ ያስረከበውን ደብተር ነው። ሁለቱም «ብዙ ጊዜ» ቢሉም የመሰከሩት ስለ አንድ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች ባይስማሙ ሊያስገርም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ሥራ እንዳሳየው፣ በልጆች የባሕርይና የስሜት ችግሮች ላይ እንደ እናትና አባት ያሉ ተመሳሳይ ሚና ያላቸው ሰዎች በሚሰጡት ምዘና መካከል ያለው ተዛምዶ (ወደ 1 በቀረበ ቁጥር የበለጠ መስማማትን የሚያሳይ ልኬት) በአማካይ 0.60 ሲሆን፣ እንደ ወላጅና መምህር ያሉ ሚናቸው የተለያየ ሰዎች ሲመዝኑ ግን ወደ 0.28 ይወርዳል። ይህን ልዩነት እንደ ስህተት ቆጥሮ አማካይ ማውጣት ግን፣ በእኔ እይታ፣ ከምዘናው ሁሉ ጠቃሚውን ክፍል መጣል ነው። ችግሩ በክፍል ውስጥ ብቻ ከታየ የማንበብ ችግር፣ የመስማት ወይም የማየት ጉድለት መኖሩ ይጣራል። በቤት ብቻ ከታየ ደግሞ የእንቅልፍ ማነስ፣ የቤተሰብ ውጥረት፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲቆጣጠር ውሎ ማታ አቅሙ ያለቀበት ልጅ ሊኖር ይችላል።

የመምህሩ ብርታት ብዙ እኩያ ልጆችን ጎን ለጎን ማየቱ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ የትምህርት ዕድሜ መቁረጫው ዲሴምበር 31 በሆነበት ሥርዓት፣ በዲሴምበር የተወለዱ ወንዶች በጃንዋሪ ከተወለዱት ይልቅ በዚህ መታወክ የመመዝገብ ዕድላቸው በ30 በመቶ፣ የሴቶቹ ደግሞ በ70 በመቶ ከፍ ብሎ አግኝቷል። በክፍሉ ትንሹ መሆን እንደ ሕመም ሊታይ ይችላል ማለት ነው። በተጨማሪም እምቢተኛና ተከራካሪ ተማሪ ከእውነተኛ ሁኔታው በላይ ቅብጥብጥ ተብሎ ይመዘናል፤ ማንንም ሳትረብሽ በመስኮት እያየች የምትፈዝ ልጅ ግን ትዘነጋለች። በነገራችን ላይ፣ ለጥቂት ሰከንዶች በድንገት ፈዝዞ ቀርቶ ወዲያው መመለስ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል፣ መምህሩ እንዲህ ያለውን አይቶ ከሆነ ለይቶ መናገሩ ትልቅ ዋጋ አለው።

ወላጅ በበኩሉ ከሕፃንነት ጀምሮ ያለውን የእድገት ታሪክ፣ የእንቅልፉንና የጤናውን ሁኔታ ከማንም በላይ ያውቃል። መታወኩ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌው ከፍተኛ ስለሆነ ግን «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርኩ» ብሎ ነገሩን አቅልሎ የሚያይ ወላጅ ጥቂት አይደለም፤ በአንጻሩ በድብርት ወይም በድካም ውስጥ ያለ ወላጅ ምልክቶቹን አጉልቶ ሊመዝን ይችላል።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሲደረስ ምዘናው ይከብዳል፤ እያንዳንዱ መምህር ተማሪውን የሚያየው ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነውና ከአንድ በላይ መምህራን እንዲሞሉ ይጠየቃል። ቅጾቹ ሳይመካከሩ ለየብቻ መሞላታቸው፣ ያለፉት ዓመታት የትምህርት ቤት ሪፖርቶች መቅረባቸው፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ያው ቅጽ በያው ሰው እንደገና መሞላቱ ለውጡን በትክክል ለማነጻጸር ያስችላል።