ሬክ ምንድን ነው? ጥሩ የፖከር ጠረጴዛ ለሚፈልግ መንገደኛ

ወደ ላስ ቬጋስ ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ የሚጓዝ ሰው ጥሩ የፖከር ጨዋታ የት እንደሚገኝ ሲጠይቅ፣ ከሚሰጡት ምክሮች መካከል አንዱ እየተመላለሰ ይመጣል፤ «ስለ ሬክ አትጨነቅ፤ ሬክ የሚከፍለው ያሸነፈ ሰው ነው፤ ያሸነፈ ሰው ደግሞ አምስት ዶላር አይቆጨውም» የሚል። ሰሞኑን ይህንኑ ምክር ከአንድ አስተያየት ሰጪ እንደገና ሰማሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን «ፖከር እኮ እንደ እቁብ ነው፤ ገንዘቡ ከእኛው ወጥቶ ወደ እኛው ይመለሳል፤ ካዚኖው ዳኛ ብቻ ነው» የሚል ማጠናከሪያ ታክሎበት ነበር። ለዓመታት በላስ ቬጋስ የፖከር ጠረጴዛ ላይ ካርታ ሳከፋፍልና ሬኩን በገዛ እጄ ስቆርጥ ስለኖርሁ፣ ይህ አነጋገር ብዙ ወገኖቼን ገንዘብ ሲያስከፍላቸው አይቻለሁና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልሁም።

ሬክ ካዚኖው ለጠረጴዛው፣ ለካርታው፣ ለአከፋፋዩና ለጥበቃው ብሎ ከጨዋታው የሚወስደው ክፍያ ነው። በላስ ቬጋስ አወሳሰዱ እንዲህ ነው፤ በመሐል የተከማቸው ውርርድ፣ ማለትም ፖቱ፣ 10 ዶላር ሲሞላ አከፋፋዩ የአንድ ዶላር ቺፕ፣ ማለትም በገንዘብ ፋንታ የምንጫወትባትን ክብ ምልክት፣ ያነሣና በቀኝ እጁ በኩል ጠረጴዛው ላይ ባለችው ትንሽ ክብ ላይ ያኖራታል፤ 20 ሲሞላ ሁለተኛዋን፣ 30 ሲሞላ ሦስተኛዋን እያለ እስከ ተወሰነው ጣሪያ ድረስ ይቀጥላል። አሸናፊው ተለይቶ ፖቱ ከተገፋለት በኋላ በክቧ ላይ የተቀመጡት ቺፖች ከጠረጴዛው ሥር ወደ ተቆለፈው ሳጥን ይወድቃሉ። የኔቫዳ የቁማር ደንብ ሬኩ በዙሩ ከተወራረደው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ አከፋፋዩም ሁሉም እያየው በግልጽ እንዲያነሣው፣ መጠኑም ከየወንበሩ በሚታይ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ ያዛል። ስለዚህ ነገሩ የተደበቀ አይደለም፤ ችግሩ ከፊታችን እየተወሰደ ማናችንም የማንቆጥረው መሆኑ ነው።

አሁን የአስተያየት ሰጪውን የእቁብ ምሳሌ እንቀበልና እስከ መጨረሻው እንውሰደው። ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ይዘው ተቀመጡ እንበል፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ገንዘብ በጠቅላላው 1,800 ዶላር ነው። እኛ የምናውቀው እቁብ በሳምንት ወይም በወር አንድ ጊዜ እጣ ያወጣል፤ ይህኛው እቁብ ግን በሰዓት 30 ጊዜ ያህል ያወጣል። እኛ የምናውቀው የእቁብ ጸሐፊ ለድካሙ ጥቂት ብር ቢታሰብለት ማንም አይከፋም፤ የዚህኛው እቁብ ጸሐፊ ግን በእያንዳንዱ እጣ፣ ባለ እጣው ገንዘቡን ከመንካቱ በፊት፣ ድርሻውን ለይቶ ያነሣል፤ በኋላም በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል፤ ሳጥኑ ውስጥ የገባው ገንዘብም ወደ እቁቡ ፈጽሞ አይመለስም። በእያንዳንዱ ዙር በአማካይ 4 ዶላር ቢወሰድ በሰዓት 120 ዶላር ይሆናል። እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ለስምንት ሰዓት ሳይነሡ ቢጫወቱ 960 ዶላር፣ ማለትም ይዘውት ከመጡት ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ማንም ሳይሰርቅና ማንም ሳያጭበረብር ከጠረጴዛው ላይ ጠፍቷል። እቁብተኞቹ እርስ በርሳቸው እኩል ቢጫወቱ እንኳ እያንዳንዳቸው ወደ 107 ዶላር ከስረው ይነሣሉ። ዳኛ ብቻ ነው የተባለው ወገን በእቁቡ ውስጥ ሳያቋርጥ እጣ የሚወጣለት ብቸኛ አባል ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

«የከፈለው አሸናፊው ነው» የሚለው አባባል የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው። 100 ዶላር በሞላ ፖት ውስጥ 50ው የተሸናፊው፣ 50ው የአሸናፊው ነበር፤ አምስት ዶላር ከተነሣ በኋላ አሸናፊው 95 ይዞ ይመለሳል። ተሸናፊው በሚቀጥለው ዙር ገንዘቡን ሊያስመልስ ሲሞክር ከፊቱ የሚያገኘው 95ቱን እንጂ 100ውን አይደለም። አምስቱ ዶላር ከሁለቱም እጅ ወጥቷል። አከፋፈሉ በሁሉም ላይ እኩል አይደለም ቢባል እስማማለሁ፤ ብዙ ካርታ የሚጫወትና ብዙ ትንንሽ ፖት የሚያነሣ ሰው ጥቂት ዙር ብቻ መርጦ ከሚገባ ሰው የበለጠ ያዋጣል። በብዙ ቤቶች ደግሞ ሦስቱ የመጀመሪያ የጋራ ካርታዎች ሳይገለጡ ያለቀ ዙር ሬክ አይቆረጥበትም። ይህ ሁሉ ግን የክፍያውን ክፍፍል ይለውጠዋል እንጂ ገንዘቡ ከጠረጴዛው መውጣቱን አያስቀረውም።

የእቁቡ ምሳሌ በአንድ ቦታ ይሰበራል፤ እሱንም ልናገር። በእቁብ ሁሉም ተራው እንደሚደርሰው ያውቃል፤ በፖከር ተራ የለም፤ ለረጅም ጊዜ ከሚጫወቱት መካከል ብዙዎቹ ይሸነፋሉ። በዚህ ላይ ጠረጴዛው በየሰዓቱ 120 ዶላር እየደረቀ ስለሚሄድ፣ ጨዋታው ሕያው ሆኖ የሚቆየው አዲስ ሰው አዲስ ገንዘብ ይዞ ሲቀመጥ ብቻ ነው። ለቤት ኪራይ ወይም ለቤተሰብ የሚላክ ገንዘብ ይዞ የሚቀመጥን ሰው ከአከፋፋዩ ወንበር ላይ ሆኜ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና፣ ባልጠየቅም ይህን ሳልናገር አላልፍም።

ሁለተኛው ስሕተት በመቶኛ ማወዳደር ነው። «እዚያኛው ቤት 5 በመቶ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ይኸኛው 10 በመቶ ነው» የሚል ሰው ዋናውን ነገር፣ ጣሪያውን፣ ሳይጠይቅ ነው የወሰነው። 10 በመቶ የሚወስድ ነገር ግን ከ5 ዶላር የማያልፍ ቤት ከ400 ዶላር ፖት ላይ 5 ዶላር ያነሣል፤ ይህም ከአንድ በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። 5 በመቶ የሚወስድና ጣሪያ የሌለው ቤት ከዚያው ፖት ላይ 20 ዶላር ያነሣል። ፖቱ 30 ዶላር ብቻ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው 3 ዶላር፣ ሁለተኛው አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይወስዳሉ። ስለዚህ ሬክን የምንመዝነው የምንቀመጥበት ጨዋታ ምን ያህል ፖት እንደሚሠራና ብላይንዱ፣ ማለትም ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግድ የሚያስይዙት ትንሹና ትልቁ ውርርድ፣ ስንት እንደሆነ አውቀን ነው። ከላይ ያሰላነው ብላይንዱ 1 እና 2 ዶላር የሆነ ጨዋታ ነው ብንል፣ አንድ ሰው በሰዓት 13 ዶላር ያህል ያዋጣል፤ ይህም ከስድስት ትልቅ ብላይንድ በላይ ነው። በዚያው ክፍል ውስጥ በ2 እና 5 ዶላር ጨዋታ፣ አማካዩ ወደ 5 ዶላር ከፍ ቢል እንኳ፣ ድርሻው 17 ዶላር ያህል፣ ማለትም ከሦስት ትልቅ ብላይንድ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። በትንሹ ጨዋታ ላይ በሰዓት ስድስት ብላይንድ አሸንፎ የሚወጣ ሰው ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ይህ ሰው ሌሎቹን ያሸነፈው ግን በአሥራ ሁለት ብላይንድ ነው፤ ግማሹ ለቤቱ ሄዷል።

ለመንገደኛ ይህ ሁሉ የበለጠ የሚከብደው የአከፋፈሉ ሥርዓት ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ ነው። ኔቫዳ በመቶኛ ሲፈቅድ፣ የካሊፎርኒያ ሕግ የካርታ ቤቶች ክፍያቸውን ከውርርዱ በመቶኛ እንዳያሰሉ ይከለክላል፤ መጠኑ ዙሩ ከመጀመሩ በፊት የታወቀ መሆን አለበት። በዚህ ምክንያት በሎስ አንጀለስ አካባቢ በሚገኙት ትልልቅ ቤቶች፣ ለምሳሌ በኮሜርስ ካዚኖ ወይም በቤል ጋርደንስ ባለው ባይሲክል ካዚኖ፣ ከፖቱ ላይ የሚነሣው አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ነው። ፖቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ 5 ዶላር ከሚነሣበት ጠረጴዛ ላይ 20 ዶላር ብቻ የሞላ ፖት ያነሣ ሰው ሩቡን አጥቷል፤ 500 ዶላር ያነሣው ግን አልተሰማውም። በቬጋስ ትንንሽ ፖት እየለቀመ የሚኖር ተጫዋች ያንኑ ስልት ይዞ ኮሜርስ ቢሄድ የማይሠራለት ለዚህ ነው። በቴክሳስ ደግሞ ሕጉ ቤቱ ከጨዋታው ጥቅም እንዳያገኝ ስለሚያግድ፣ ሕጋዊነታቸው በፍርድ ቤት ሲያከራክር የኖረው የዚያ አገር ክለቦች ፖቱን ጨርሶ አይነኩም፤ የአባልነት ክፍያና የወንበር ዋጋ በሰዓት ያስከፍላሉ። በሌሎች ከተሞችም በትልልቅ ጨዋታ ላይ በየግማሽ ሰዓቱ ከእያንዳንዱ ሰው እኩል የሚሰበሰብ ክፍያ የተለመደ ነው። በሰዓት ሲከፈል አከፋፋዩ ፈጣን በሆነ ቁጥር፣ ካርታውንም ማሽን በበወዘው ቁጥር፣ ተጫዋቹ ይጠቀማል፤ ከፖት ሲቆረጥ ግን የዙሮቹ ብዛት የሚቆረጠውንም ያበዛዋል። ይህን ከእኛ ከአከፋፋዮች በቀር ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ከሬኩ ጎን ለጃክፖት ተብሎ የሚነሣ አንድ ወይም ሁለት ዶላርም አለ፤ ብዙውን ጊዜ በአከፋፋዩ ግራ በኩል ወዳለው ሌላ ሳጥን ይገባል። ይህ ገንዘብ ጠንካራ ካርታ ይዞ ለተሸነፈ ወይም በሰዓቱ ከፍተኛውን ካርታ ለያዘ ተጫዋች በሽልማት መልክ የሚመለስ ስለሆነ፣ የአካባቢው ነዋሪ በዓመት ውስጥ ከፊሉን መልሶ ሊያገኘው ይችላል። ለሦስት ቀን የመጣ መንገደኛ ግን በየዙሩ እያዋጣ ሽልማቱን ለነዋሪዎቹ ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች ካሉና አንዱ የጃክፖት መዋጮ የማያስከፍል ከሆነ፣ መንገደኛ ወደዚያ ቢሄድ ይሻለዋል። ለአከፋፋዩ የሚሰጠው ጉርሻም ከሂሳቡ ውጭ መሆን የለበትም፤ በአሜሪካ ፖት ያነሣ ሰው አንድ ዶላር መስጠቱ ልማድ ነው፤ እኔና ባልደረቦቼ ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚያ ነው፤ ቢሆንም ወጪ ነውና ይቆጠር።

እንግዲህ ጥሩ ጨዋታ ፍለጋ ከዚህ ይጀምራል። ብራቮ ፖከር ላይቭና ፖከር አትላስ የተባሉት የስልክ መተግበሪያዎች በየክፍሉ ስንት ጠረጴዛ እየሠራ እንደሆነ፣ በስንት ብላይንድ እንደሚጫወቱና ስንት ሰው ወረፋ እንደያዘ ያሳያሉ፤ ነገር ግን መረጃውን የሚሞላው ክፍሉ ራሱ ስለሆነ ሁልጊዜ ወቅታዊ አይሆንም። ስልክ ደውሎ የፖከር ክፍሉን ኃላፊ ማነጋገር ይበልጣል። ሬኩ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ጣሪያው ስንት እንደሆነ፣ ለጃክፖት ምን ያህል እንደሚነሣ፣ አንድ ሰው በስንት ዶላር መቀመጥ እንደሚችልና ማታ ጠረጴዛው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ቢጠየቅ በሁለት ደቂቃ ይመልሳል፤ መጠየቁም ነውር የለውም። ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በቬጋስ የሚካሄደው የፖከር የዓለም ውድድር በሚውልበት፣ በፈረንጆቹ ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ክፍሎቹ ስለሚጨናነቁና ከዓለም ዙሪያ የመጡ ተጫዋቾች ስለሚቀመጡባቸው፣ በሌላ ወቅት የተሰማ መረጃ አያገለግልም። ደካማ ተጫዋች ያለበትን ጠረጴዛ መፈለግ ተገቢ ነው፤ ግን ደካሞቹ የሚያጡትን ገንዘብ አብዛኛውን ሳጥኑ የሚወስደው ከሆነ፣ ጠረጴዛው የቱን ያህል ቢስቅና ቢጫወት ለመንገደኛው ጥሩ አይደለም። ከውጭ አገር ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ወደ አሜሪካ የሚገባ ሰው በመግቢያው ላይ ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነም አይርሳ።

አንድ ምሽት አንድ ወጣት እኔ በማከፋፍልበት የ1 እና የ2 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ደረቴ ላይ ካለው መለያ ስሜንና «አዲስ አበባ» የሚለውን አንብቦ፣ በአማርኛ «ጋሼ፣ ያቺን ቺፕ በየጊዜው ወዴት ነው የሚወስዷት?» አለኝ። ዙር ላይ እያለን ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ መናገር ስለማይፈቀድ ራሴን ነቅንቄ ብቻ አለፍሁት። ግማሽ ሰዓቴ አልቆ ሌላ አከፋፋይ ሲተካኝ እሱም ተነሥቶ ተከተለኝ። ስድስት ሰዓት ተጫውቶ 20 ዶላር ብቻ አትርፎ ስለነበር ጨዋታው እንደተበላሸበት፣ የተቀመጡት ሰዎችም ጠንካሮች እንደሆኑ አድርጎ አስቦ፣ በማግስቱ ወደ ሌላ ካዚኖ ሊሄድ ወስኖ ነበር። በወረቀት ላይ አብረን አሰላነው፤ በሰዓት 13 ዶላር ገደማ በስድስት ሰዓት ወደ 80 ዶላር ይመጣል፤ ስለዚህ ከሰዎቹ ያሸነፈው መቶ ዶላር ያህል ነበር። ሊሄድበት ያሰበው ቤት ደግሞ በየፖቱ ሁለት ዶላር ጨምሮ የሚወስድ ነበር። «ይህ ሁሉ የት ተጽፏል?» ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ጠረጴዛው መልሼ ወሰድሁትና የቡና ኩባያውን ካስቀመጠበት አጠገብ ያለችውን፣ ሬኩና ጣሪያው የታተሙባትን ትንሽ ሰሌዳ አሳየሁት።